ማውሱን ለባለቤቱ፦ የሐርጌሳ የሊኑክስ ዘመኔ

ሥራ ካቆምኩ ወዲህ ያገኘኝ ሁሉ «እፎይ አልሽ አይደል?» ይለኛል። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። የደከመው ዓይኔ ነው፤ አፌ እንደሆነ እንደ ድሮው ነው። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጥታ፣ ይኼ ነገር እንቢ አለኝ፣ እስቲ አስተካክይልኝ ብላ ጭኔ ላይ ጣለችው። መልሼ ሰጠኋት። አንቺ ያዢው፣ እኔ ከጎን ሆኜ እነግርሻለሁ ስላት አኮረፈች። ሰው ዕቃውን ለባለሙያ የሚሰጠው ተስተካክሎ እንዲመለስለት እንጂ ፈተና ሊቀመጥ አይደለም አለችኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ሌላ አሠራር አልተማርኩም። የተማርኩትም ከዩሱፍ ዴሬ ነው፣ አላህ ይርሐመው።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፣ የመጋላ። ሐርጌሳ የመጣሁት ጨርቅ ገዝቼ ልመለስ ነበር፤ መጥቼ ቀረሁ። ከተማዋ ያኔ ከጦርነቱ ገና ቀና ማለቷ ነው። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው የሌለ ቤት በየመንደሩ አለ፤ ሰዉ በላስቲክ ከልሎ ይኖርበታል፤ ከጎኑ ደግሞ ቀን በቀን ብሎኬት ይደረደራል። ዳሚ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁና ታይፕ ተምሬ ስለነበር አንድ የእርዳታ ድርጅት ገባሁ። የዚያ አለቃዬ ደግ ሰው ነበር፤ ብቻ ኮምፒውተሩን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍኖ ያስቀምጠዋል እንጂ ማንንም አያስነካም። ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ተቀጠርኩ። የዚህኛው አለቃ ደግሞ ተማሪው አንድ ነገር በተሳሳተ ቁጥር ማውሱን ከእጁ ነጥቆ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አድርጎ «አየህ?» ይላል። ምኑን ይየው! ተማሪው ያየው የአስተማሪውን ጀርባ ነው። ደሞዙ ከሁለቱም ቦታ ለኪራይና ለሻሂ ይበቃ ነበር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ዩሱፍ የኮምፒውተር ጥገና ሱቁን የከፈተው ከገበያው አጠገብ ነበር፣ አንድ ፎቅ ላይ፤ ከማሠልጠኛው ወጥቼ እሱ ጋ ገባሁ። ዴሬ ማለት በሶማሊኛ ረጅሙ ማለት ነው፤ በሩን ጎንበስ ሳይል አይገባም ነበር። ሰውየው የሐርጌሳ ተወላጅ ነው፣ ግን ያደገውም የተማረውም ድሬዳዋ ነው። ከደንበኛ ጋር ሶማሊኛ፣ እርስ በርሳችን አማርኛ እናወራለን። ድሬዎች አንቱታ ላይ እስከዚህም ነን፤ አለቃዬም ታላቄም ሆኖ «አንተ» ነበር የምለው፣ እሱም ቅር ብሎት አያውቅም።

ያኔ ወደ ከተማው የሚገባው ኮምፒውተር አብዛኛው ከዱባይ በኮንቴይነር የሚመጣ ያገለገለ ዕቃ ነው። ፕሮግራሙ የተሰረቀ ኮፒ፣ ቫይረሱ ደግሞ በፍላሽ ከሱቅ ሱቅ የሚዞር። አንድ ፍላሽ ከፎቶ ቤት ተነሥቶ፣ በፋርማሲ አልፎ፣ ቢሮ ገብቶ፣ የነካውን ሁሉ አስተኝቶ ይመለሳል። ዩሱፍ ያንን ሲያጥብ መኖር ሰለቸውና ሊኑክስ ጀመረ። ሊኑክስ ያው ኮምፒውተሩን ከሥር ሆኖ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ነው፤ በነፃ የሚገኝ፣ ለአሮጌ ማሽን የማይከብድ፣ የዚያ የፍላሽ ቫይረስ እምብዛም የማይደፍረው። ችግሩ ሰዉ አያውቀውም። የለመደው ቁልፍ ከቦታው ከተነሣበት ኮምፒውተሩ ተበላሸ ብሎ ተሸክሞት ይመጣል። ስለዚህ ሥራችን ማስገባቱ ሳይሆን ማላመዱ ሆነ። ሐሙስ ከሰዓት ለጀማሪ ሁሉ በራችን ክፍት ነበር።

ዩሱፍ ሊኑክሱን መጀመሪያ ከሲዲ ላይ ብቻ ነው የሚያስነሣው። ማሽኑ ውስጥ ያለው ሳይነካ ደንበኛው አዲሱን ይየው፣ ይነካካው። ድምፁ ይወጣል? ፕሪንተሩ ያትማል? ዋይፋዩን ይይዛል? አንዱ እንቢ ካለ ያንተ ማሽን ገና ነው ብሎ ይመልሰዋል፤ ገበያ አገኘሁ ብሎ አይቸኩልም። ሰውየው ከወደደው ደግሞ ፋይሎቹን ሁለት ቦታ ኮፒ ያደርጋል፣ ኮፒው መከፈቱን በዓይኑ ሳያይም ዲስኩን አያጠፋም።

ከዚያ ደንበኛውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ እሱ ከኋላው በግራ በኩል ይቆማል። ሁለት እጁን ወደ ኋላ ያጣምራል። ማውሱን በፍጹም አይነካም። እኔ ነገር ከጎተተ ደሜ የሚፈላ ሰው ነኝ፤ አንድ ጊዜ አንዲት ልብስ ሰፊ የማውሱን ቀስት ስክሪኑ ላይ የት እንዳደረሰችው ስትፈልግ አላስችለኝ ብሎ እጄን ስሰነዝር በክርኑ ጎሰመኝ። ያቺኑ ሴትዮ ጠዋት ሱቅሽን ስትከፍቺ መጀመሪያ የምታነሺው ምንድነው ብሎ ጠየቃት። መቀስ አለች። መቀስሽን የት ታስቀምጫለሽ? እጄ የሚደርስበት። እንግዲያው በየቀኑ የምትከፍቺውን ፋይል እጅሽ የሚደርስበት አስቀምጪው አላት፤ ራሷ ጎትታ ማዕዘኑ ላይ አስቀመጠችው። ሰው የራሱን ጠረጴዛ ራሱ ካላሰናዳ የሰው ቤት እንደገባ ይቆጠራል ይል ነበር።

ደንበኞቻችን ብዙ አስተማሩን። ትልልቅ ሰዎች ሁለቴ ቶሎ ቶሎ መጫን ያቅታቸዋል፤ በሁለቱ መካከል ጣታቸው ይንሸራተትና ነገሩን ጎትተው ሌላ ቦታ ይጥሉታል። አንዴ መጫን እንዲበቃ ማድረግ እንደሚቻል ያወቅን ቀን ልቤ ቅቤ ጠጣ። ጎረምሶቹ ደግሞ ስክሪኑ እንደ ሳጥን ሲሽከረከር ካላዩ አይሄዱም፤ ማሽኑ እያቃሰተም ቢሆን ያሽከረክሩታል። ከሁሉም የተወደደልን የሰላት ሰዓት የሚያሳየው ትንሽ ፕሮግራም ነበር። አንድ ነጋዴ ለሱ ብቻ ብሎ ሊኑክስ አስገብቷል።

ጭንቁ ከተማ ሲጠየቅ ነበር። ማሽኑ ገና ሲሰናዳ «ከተማዎን ይምረጡ» ይላል፣ ዝርዝሩ ውስጥ ሐርጌሳ የለችም። ሞቃዲሾ አለ፣ ጅቡቲ አለ፣ አዲስ አበባ አለ። ሰዓቱ ያው አንድ ነው። ግን ሞቃዲሾን ምረጥ የተባለ ሰው ፊቱ ሲለዋወጥ አይቻለሁ፤ የሞቃዲሾ መንግሥት ያፈረሰውን ይህን ከተማ ከፍርስራሽ ያነሣ ሰው ነው እኮ። ዩሱፍ እዚያ ላይ ሲደርስ ዝም ይላል፤ የመረጡትን ይመርጣሉ። ብዙዎቹ ጅቡቲን ነክተው ያልፋሉ።

አሁን ወደ አዴር ሙሴ ልምጣ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፣ ትልቅ ሰው የሚጠራበት። አዴር ሙሴ የአንድ ትልቅ የግንባታ ዕቃ መደብር የዕቃ ቤት ኃላፊ ነበሩ። ሚስማር፣ ማጠፊያ፣ ቧንቧ፣ ቆርቆሮ፣ ከተማው የሚሠራበት ሁሉ በእጃቸው ያልፋል። መደብሩን ያቋቋሙት ሰውዬ ሲሞቱ ልጃቸው ጃማ ከለንደን መጥቶ ተረከበ፤ ኮምፒውተርም አስገባ። የወጣው ዕቃ በቁጥር ይመዝገብ ተባለ። አዴር ሙሴ ለመዱት። ከዚያ የፍላሹ ቫይረስ መጣና ማሽኑን አስተኛው፤ ጃማ እኛን ጠራ፣ እኛም ሊኑክስ አስገባን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው ነገሩ ሁሉ ጠፋቸው። ቆርቆሮ ሊያወጡ ቧንቧ ይከፍታሉ፤ ከፍተው ይዘጋሉ፣ ዘግተው ይቀመጣሉ። ጃማ ክፉ ልጅ አይደለም፤ ደከሙ ብሎ ነው ያሰበው። ኮምፒውተሩ ላይ ወጣት ላስቀምጥና እሳቸው በሩ ላይ አረፍ ይበሉ አለን። በሩ ላይ! ያን ሁሉ ዘመን ቁልፍ ይዞ የኖረ ሰው በሩ ላይ ተቀምጦ ገቢ ወጪውን ሊያይ። እስቲ ጥቂት ጊዜ ስጠን ብለን ለመንነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ድረስ ታገሠን።

አዴር ሙሴ ሐሙስ ሐሙስ ሱቃችን ይመጡ ነበር፣ ሁልጊዜም ሰው ሲቀንስ ጠብቀው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ያንብቡ ስንላቸው መነጽሬን ረስቻለሁ ይላሉ። ግድግዳችን ላይ እኔ ለራሴ በአማርኛ የጻፍኩት ወረቀት ተለጥፎ ነበር፣ ሻሂ ከኪቦርድ አርቂ የሚል። ዩሱፍ አንድ ሐሙስ አዴር ሙሴ ያንን ወረቀት አይተው ለብቻቸው ፈገግ ሲሉ ያያቸዋል። መነጽር አላደረጉም። እንደሄዱ እየሳቀ መጥቶ ነገረኝ። አዴር ሙሴ ዓይናቸው ደህና ነው፤ ፊደል የቆጠሩት በአማርኛ ነው፣ የእንግሊዝኛውን ፊደል አያውቁትም። ሶማሊኛውም የሚጻፈው በዚያው ፊደል ስለሆነ እሱንም ይናገሩታል እንጂ አያነቡትም። የድሮውን ኮምፒውተር ሁሉን በቦታው በቃላቸው ይዘውት ነበር፤ እኛ ደግሞ ቦታውን አፈረስንባቸው። ወላሂ አንጀቴን በሉኝ። ሊኑክስ ደግሞ አማርኛ አለው! ሁለታችንም እንደ ልጅ ደስ አለን። አስቀድመን እሳቸውን እንጠይቃቸው ያለ ግን የለም፤ ደስታው ጋርዶን አልታየንም።

ቅዳሜ ጠዋት መደብሩ ገባን። ጃማ ቆሟል። ዕቃ የሚያወርዱት ሠራተኞችም ከከተማው ዳር፣ ከአያሃ ሰፈር የሚመጡት የቀን ሠራተኞች ሳይቀሩ ኮምፒውተሩን ለማየት ተሰብስበዋል። አዴር ሙሴ ወንበራቸው ላይ ላብ በላብ ሆነው ተቀምጠዋል፤ ጃማም ሰዓቱን ያያል። ዩሱፍ ያን ቀን ያደረገውን እስከ ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። እጁን ፈታ። በሽማግሌው ትከሻ ላይ ዘልቆ ማውሱን ያዘና ጠቅ ጠቅ አድርጎ ቋንቋውን ቀየረው፣ ዘግቶ ከፈተው። ስክሪኑ ሙሉ አማርኛ ሆነ። ሙሉ እንኳ አይደለም፤ ተርጓሚው መሀል ላይ ሳይደክመው አልቀረም፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። ግን ፊደሉ ከሩቅ ይታያል። ዩሱፍ በአማርኛ፣ ጮክ ብሎ፣ «ይኸው አዴር ሙሴ፣ አሁን እንደልብዎ ያንብቡ» አላቸው።

አንዱ ሠራተኛ በሶማሊኛ፣ አዴር ሙሴ ሐበሻ ናቸው እንዴ ብሎ ጠየቀ። ሌላው፣ ታዲያ እስከ ዛሬ መነጽር መነጽር የሚሉት ለዚህ ነዋ አለ። ሳቁ። ክፋት ኖሯቸው ላይሆን ይችላል፤ ሳቁ ግን ሳቅ ነው። ጃማ ተቆጣቸው። አዴር ሙሴ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፉ፤ ኩታቸውን ከምስማሩ አነሡ፤ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከወገባቸው ፈትተው ኪቦርዱ ላይ አስቀመጡና ወጡ። ማንንም አላዩም።

ዩሱፍ ማውሱን እንደያዘ ቆሟል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ ያፈሰስነው ግን የሚለቀም አልመሰለኝም። ሱቅ ስንደርስ ዩሱፍ ከቀኑ ሥራ አንድም ሳይነካ ተቀመጠ። ሻሂ አምጥቼ ከፊቱ አስቀመጥኩለት። በኋላ፣ ስንት ዘመን ያልነካሁትን ለምን ዛሬ ነካሁት አለኝ። ስለወደድካቸው ነው አልኩት። ይኼ ምክንያት አይሆንም አለ።

በማግስቱ ጃማ ራሱ ሱቃችን ድረስ መጣ። ቁልፉን በመሐረብ ጠቅልሎ ይዞታል። ሦስታችንም ሠላሳ አንድ ሜይ ወደሚባለው ሰፈር፣ ወደ አዴር ሙሴ ቤት ሄድን። ባለቤታቸው ምንጣፍ አንጥፈው ሻሂ አቀረቡልን። እሳቸው ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሰላምታችንን በደንብ ተቀበሉ፣ የቤተሰብ ደኅንነት ጠየቁ፣ ስለ ትናንት ግን ምንም። ዩሱፍ ይቅርታ መጠየቅ ጀመረ። ያኔ ነው አዴር ሙሴ በአማርኛ የተናገሩት፣ ቀስ ብለው፦

«ልጄ፣ ፊደሉ አላሳፈረኝም። ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ስሠራ፣ ከሥራ መልስ ተቀምጬ የቆጠርኩት ፊደል ነው። አባቴም አያቴም ፊደል አልቆጠሩም፤ እኔ ቆጠርኩ። ያሳፈረኝ እጄን ይዘህ እንደ ሕፃን ሰው ፊት ማውጣትህ ነው። ነገሩ ይነገር ከተባለ የምናገረው እኔ ነበርኩ።»

ዩሱፍ አንገቱን ደፋ። ጃማ አማርኛ ስለማያውቅ እኔ በሶማሊኛ አስረዳሁት። አባቴ ይህን ያውቅ ነበር ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አዴር ሙሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩት። «አባትህ ሰው ፊት ወረቀት ሰጥቶኝ አያውቅም» አሉት። «ሁልጊዜ፣ ሙሴ ና እስቲ ሻሂ እንጠጣ ብሎ ለብቻችን ሆነን ያነብልኝ ነበር።»

ጃማ ያን ሲሰማ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አባቱን የቀበሩት እሱ ሳይደርስ ነው። ከዚያ ለንደን ገና በሕፃንነቱ ሲገባ አንድ ፊደል ሳያውቅ ትምህርት ቤት እንዳስቀመጡት፣ መጽሐፍ ሲሰጡት ከጎኑ ያለው ልጅ ገጽ ሲገልጥ እየጠበቀ እሱም እንደሚገልጥ ነገራቸው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም አለ። መሐረቡን ፈትቶ ቁልፉን ምንጣፉ ላይ፣ በመካከላቸው አስቀመጠው፤ እጃቸው ላይ አልሰጣቸውም። እንዴት እንዲሆን እንደሚፈልጉ እርስዎ ይንገሩን፣ በሩ ላይ የመቀመጡንም ነገር እርሱት አላቸው። አዴር ሙሴ ቁልፉን ወዲያው አላነሡም። ሻሂያችሁ በረደ አሉና ባለቤታቸውን ሌላ አስቀዱልን። ስንወጣ ቁልፉ እዚያው ምንጣፉ ላይ ነበር፤ ይመጡ ይሆን ወይስ አይመጡ ማናችንም አላወቅንም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጠዋት፣ ጃማ ደወለልን፤ አዴር ሙሴ መጥተው ዕቃ ቤቱን ከፍተዋል፣ ረጅሙና ሴትየዋ ይምጡ ብለዋል አለ። በሩጫ ሄድን። ሽማግሌው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠዋል፣ ሠራተኞቹም ሥራቸው ላይ ናቸው። እሳቸው ለሁሉም በሶማሊኛ፣ እኔ የማነበው በአማርኛ ነው፣ የሚስቅ ካለ አሁን ይሳቅና ወደ ሥራችን እንመለስ አሉ። የሳቀ የለም። ያ ሐበሻ ናቸው እንዴ ያለው ሠራተኛ መጥቶ ትከሻቸውን ሳመ። እኔ እንባዬ መጣ፣ ለምን እደብቃለሁ።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የየራሱን መግቢያ ልናደርግለት ተስማማን፤ ሊኑክስ በአንድ ማሽን ላይ ለሁሉም የየራሱን ጠረጴዛ ይሰጣል፣ በየቋንቋው፣ በየመልኩ። አዴር ሙሴ የራሳቸውን ራሳቸው አሰናዱ። ዩሱፍ ከኋላ ሆኖ በቃል ብቻ ይመራቸው ነበር። ከቋንቋው ዝርዝር አማርኛን ፈልገው ያገኙት እሳቸው ናቸው። ጽሑፉን አተለቁት፣ አንዴ መጫን ይበቃል የሚለውን መረጡ። ፎልደሮቹን ዕቃ ቤቱ ውስጥ መደርደሪያዎቹ በቆሙበት ቅደም ተከተል አስቀመጡ፤ ቆርቆሮ ከበሩ ጋ፣ ቧንቧ ከግድግዳው ሥር። እኔ በትንንሽ ፕላስተር ላይ ፊደል ጽፌ ቁልፎቹ ላይ ለጠፍኩላቸው፤ ም ከዚህ፣ ስ ከዚያ። አንዱን ቁልፍ እስኪያገኙ ጊዜ ይፈጃል። ወላሂ አንድም ጊዜ እጄ አልበላኝም።

መጨረሻ ላይ ማሽኑ ስማቸውን ጠየቀ። ፊደል በፊደል ለቅመው ጻፉት። ዘግተን ስንከፍተው መግቢያው ላይ የሠራተኞቹ ስሞች በረድፍ ወጡ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛው ፊደል፤ በመካከላቸው ሙሴ የሚለው ብቻ በአማርኛ። ዩሱፍ ያ ቅዳሜ ትዝ ብሎት ፈራ። ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከፈለጉ ይህ የስም ዝርዝር እንዳይታይ ማድረግ ይቻላል፣ እንደብቀው ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

አዴር ሙሴ ስክሪኑን ትንሽ አዩት።

«ለምን ይደበቃል?» አሉ። «ስሜ እኮ ነው።»